ለትምህርት ቤት የሚበጅ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የሻጭና የገዢ ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይኸውም ለመማሪያ ክፍል የሚገዛ ወይም በስጦታ የሚመጣ መሣሪያ በምን ዐይነት ሚዛን ይመረጥ የሚል ነው። ከመካከላችን አያሌዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንሰማራለን፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎቻችን መምህራን እንሆናለን። በደረስንበት ሁሉ «እናንተ ከዩኒቨርሲቲ መጥታችኋልና ስለ ኮምፒዩተሩ ነገር ምከሩን» መባላችን የማይቀር ነው። ርእሰ መምህሩ ይጠይቀናል፤ ከየቤቱ የተዋጣውን ገንዘብ የያዘው የወላጆች ኮሚቴም ይጠይቀናል። ያን ጊዜ የምንሰጠው ምክር የብዙ ልጆችን ዓመታት የሚነካ ስለ ሆነ አስቀድመን ልናስብበት ይገባናል።

የትምህርታችን ሁኔታ ለቀልድ የሚመች አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት 845,000 ያህል ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቁስሉ እንዲህ ሲሰፋ መድኃኒት ይዣለሁ የሚለውም ይበዛል። አንዱ ታብሌት ያመጣል፤ ሌላው በጣት የሚነካ ዘመናዊ ሰሌዳ ያመጣል፤ ሦስተኛው በስልክ የሚጫን ፕሮግራም ያመጣል። ሁሉም «ይህን ብቻ ግዙ፤ ተማሪዎቻችሁ ይለወጣሉ» ይላሉ። ድኻ አገር ግን ስቶ ሁለተኛ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ለማይረባ ዕቃ የወጣው ብር ለመጽሐፍ፣ ለወንበርና ለጣራ ሊውል ይችል የነበረ ብር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ግዢ ቢያዩ ኖሮ ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ አስቀድመን መሣሪያ የሚለውን ቃል እናጥራው። ብዙ ጊዜ መሣሪያ ሲባል ሽቦ ያለውና መብራት የሚበላ ነገር ብቻ ይታሰበናል። ጠመኔም መሣሪያ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳም፣ ካርታም፣ በገመድ የተሰካካ የጠርሙስ ቆርኪም ለመቁጠሪያ ከዋለ መሣሪያ ነው። በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው ከተማረባቸው መሣሪያዎች ውስጥ የፊደል ገበታ አንዱ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተሙ ያሠራጩት ገበታ ያልደረሰበት መንደር ጥቂት ነው። የገበታውን አሠራር ልብ ብለን እንመልከተው። አንድ ወረቀት ነው። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል። ከተሳሳተ ተመልሶ ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሣል። ፊደሉን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳውን ሳይጨርስ ወደ ንባብ አያልፍም። ቀድሞ የለየው ልጅ ታናሹን ያስቈጥራል። በዚያ ትምህርት ቤት አለንጋ እንደ ነበረና ትርጕሙ ሳይታወቅ የሚሸመደድ ብዙ ነገር እንደ ነበረ አንዘነጋም። የገበታው ጠባይ ግን ሊመረመር የሚገባው ነው። ገበታው አይቸኩልም፤ ልጁን ይጠብቀዋል። ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ሁሉ ከዚህ አንድ ጠባይ የሚነሣ ነው። ተማሪውን የሚጠብቅ፣ መምህሩም ሲፈልግ ሊያቆመውና ሊመልሰው የሚችል መሣሪያ ይበጃል፤ ጥሎ የሚሄድ መሣሪያ ግን ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ለትምህርት አይበጅም።

ነገሩን እስቲ በታሪክ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት እንደሚወገዱና ቦታቸውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንደሚወስደው ተናግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐለፈ፤ መጽሐፍም ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሲኒማው በኋላ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ በኋላ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን በኋላ ኮምፒዩተር መጣ፤ ለእያንዳንዱም ያው ተስፋ ተነገረለት። ተስፋው ሁሉ ከንቱ ነበር አንልም። አንዳንዱ ሠርቷል፤ አንዳንዱ ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ጠጥቷል። የሠራው ለምን ሠራ፣ ያልሠራውስ ለምን ከሸፈ ብሎ መጠየቅ ግን የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው።

በአገራችን ከታዩት ሙከራዎች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና ሕዝቡ በመሣሪያው ስም «ፕላዝማ» ብሎ የጠራው የሁለተኛ ደረጃ የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነበር። የሐሳቡን በጎነት መካድ አይገባም። የተማሪው ቍጥር በፍጥነት በሚያድግበት በዚያን ጊዜ የሠለጠነ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ለየትምህርት ቤቱ ማዳረስ አስቸጋሪ ነበር። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ በዐይኑ አየ። የገጠሩና የአዲስ አበባው ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ሰሙ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዳሩ ግን አሠራሩን እንመርምር። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚያህለውን የሚይዘው በቴሌቪዥኑ መስኮት የሚታየው መምህር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ለቆመው መምህር የሚተርፈው በመግቢያና በመዝጊያ ላይ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ነበር። ትምህርቱ ከማእከል በሳተላይት የሚተላለፍ ስለ ሆነ ማቆም አይቻልም፤ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም። የመስኮቱ መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ክፍሉ ቢመልስም ባይመልስም መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ተማሪው ጥያቄውን እየገለበጠ ሳለ መልሱ ይመጣል፤ መልሱን እየገለበጠ ሳለ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። መብራት ሲሄድ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስም ትምህርቱ ርቆ ሄዷል። ነገሩን ያጠኑት ሊቃውንት ደጋግመው ያነሡት ቅሬታ ይኸው ነው፤ ፍጥነቱ፣ የቋንቋው ክብደት፣ የክፍሉም መምህር ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት መውረዱ።

እንግዲህ ስሕተቱ የት ላይ ነበር? ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ ትምህርቱም በዕውቀት የተዘጋጀ ነበር። ጉድለቱ ልጓሙ በክፍሉ ውስጥ ባሉት ሰዎች እጅ አለመኖሩ ነው። ያው ትምህርት ተቀድቶ በመምህሩ እጅ ቢሰጥ፣ መምህሩም በፈለገበት ላይ አቁሞ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ሊያብራራው፣ ያልገባቸውንም ሁለተኛ ሊያሳያቸው ቢችል ኖሮ ያው ገንዘብ ሌላ ፍሬ ባፈራ ነበር። መሣሪያውን ከአጠቃቀሙ ለይተን መመዘን የሚያስፈልገን ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በላቲን አሜሪካ የፔሩ መንግሥት «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚባለው ዕቅድ መሠረት ከ800,000 የሚበልጡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለልጆችና ለትምህርት ቤቶች አደለ። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ልጆቹ ኮምፒዩተሩን መጠቀም ለምደዋል፤ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ግን ላፕቶፕ ካላገኙት ልጆች አልበለጡም። ኮምፒዩተሩ ገባ እንጂ በኮምፒዩተሩ ምን እንደሚማሩበት፣ መምህሩም ምን እንደሚያደርግበት በበቂ አልታሰበበትም ነበር። የእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በሺህ የሚቈጠሩ የዚሁ ዐይነት ላፕቶፖችን ተቀብላ እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል።

አሁን ደግሞ የሠራውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒካራጓ በሬዲዮ ሒሳብ የማስተማር ሥራ ተጀመረ። ሬዲዮ ከሁሉ የረከሰ መሣሪያ ነው። አዘጋጆቹ ግን አንድ ብልሃት አገቡበት። ሬዲዮው ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል። በዝምታው ውስጥ ልጆቹ ጮኸው ይመልሳሉ፤ ወይም ይጽፋሉ፤ ወይም በጣታቸው ይቈጥራሉ። የዝምታው ርዝመት በእውነተኛ ክፍል ውስጥ በልጆች ላይ እየተሞከረ የተለካ ነበር። መምህሩም በክፍሉ እየተዘዋወረ ያግዛል። ውጤቱ በጥንቃቄ ሲመዘን መጽሐፍ የተሰጣቸው ክፍሎች ምንም ካላገኙት በለጡ፤ በሬዲዮ የተማሩት ደግሞ ከሁሉ በለጡ። ያ ሬዲዮ እንደ ፕላዝማው ሁሉ ከሩቅ የሚተላለፍ ነበር፤ ነገር ግን የሚያዘጋጁት ሰዎች የልጁን ፍጥነት አስቀድመው አጥንተው ስለ ነበር ልጁን ጥሎ አልሄደም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሕንድ ነው። በዴልሂ ከተማ ማይንድስፓርክ የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ619 ተማሪዎች ላይ ተሞከረ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ከተመዘገቡበት ክፍል በዓመታት ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ልጅ የደረሰበትን ፈትኖ ያውቅና ከዚያው ይጀምርለታል፤ የሒሳቡም የሂንዲ ቋንቋውም ትምህርት ነበረበት። ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለ90 ደቂቃ ሲመጡ ግማሹን ከኮምፒዩተሩ ጋር፣ ግማሹን ከሰው ረዳት ጋር በትንሽ ቡድን ይቀመጡ ነበር። በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሁለቱም ትምህርት ጉልህ እድገት አሳዩ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል፤ ኮምፒዩተሩ ልጁን ካለበት አነሣው፤ ሰውም ከአጠገቡ አልራቀም።

ሦስተኛው ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በቦትስዋና ከ4,500 በሚበልጡ ቤተ ሰቦች ዘንድ ሙከራ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ይላክላቸው ነበር። ለሌሎቹ ከመልእክቱ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል መምህር እየደወለ ከልጁና ከወላጁ ጋር ይነጋገር ነበር። መልእክቱ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ መልእክቱና የመምህሩ ድምፅ በአንድነት ግን ልጆቹን አሳደጋቸው። የተጠቀሙበት ስልክ ተራ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት አላስፈለገውም። እኛም አገር ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መሰጠቱ ይታወሳል። ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ያልነበረው ልጅ ግን እነዚያን ወራት ያለ ትምህርት አሳለፈ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ተነሥተን አንድ መሣሪያ ሲቀርብልን ልንጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ችግራችን ምንድን ነው? ከዕቃው ሳይሆን ከልጁ እንነሣ። የአራተኛ ክፍል ልጆች አንብበው መረዳት ያቃታቸው እንደ ሆነ መፍትሔው ምናልባት የሚነበብ መጽሐፍ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሴል የሚባለውን ነገር በዐይናቸው ሳያዩ የሚሸመድዱ እንደ ሆነ መፍትሔው ማይክሮስኮፕ ነው። ችግሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈን ካላስቀመጥን የሻጩ ዐረፍተ ነገር የእኛን ቦታ ይወስዳል።

ሁለተኛ፤ ልጓሙ በማን እጅ ነው? መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊመልሰው፣ ሊዘለው፣ በራሱ ምሳሌ ሊለውጠው ይችላልን? ተማሪውስ ተሳስቶ እንደ ገና ሊሞክር ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልሱ «አይችልም» ከሆነ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፤ በምን ቋንቋ ይናገራል? የመጀመሪያ ደረጃ ልጆቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በገበያ ያለው የትምህርት ፕሮግራም አብዛኛው በእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ በማያውቀው ቋንቋ የሚስቅ ሥዕል ቢያይ በሥዕሉ ይስቃል እንጂ አይማርም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የጽሕፈት ሥርዐት ውስጥ ከገባ ወዲህ በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ለመጻፍ የሚከለክለን የለም። ስለዚህ «በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ አዘጋጁልን» ብሎ መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብታችን ነው።

አራተኛ፤ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የዕቃው ዋጋ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። መብራት አለ፤ ባትሪ አለ፤ ቻርጀር አለ፤ አቧራና ዝናብ አለ፤ የሌባ መከላከያ አለ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ይጠይቃል። መለዋወጫው በወረዳው ከተማ ካልተገኘና የሚጠግነው ሰው ከአዲስ አበባ የሚጠራ ከሆነ ያን ዕቃ ለአንድ ዓመት ብቻ እንደ ገዛነው እንቍጠረው።

አምስተኛ፤ ማንን በውጭ ያስቀራል? መምህሩ የቤት ሥራውን በቴሌግራም የሚልክ ከሆነ ስልክ የሌለው ልጅ ምን ያደርጋል? በቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለና እርሱም ለወንዱ ልጅ የሚሰጥ ከሆነ እኅቱስ? ዐይነ ስውሩ ተማሪስ ጽሑፉ በድምፅ ይነበብለታልን? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የዓለም የትምህርት ሪፖርት መሠረት በመላው ዓለም ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት የነበራቸው 40 ከመቶ ብቻ ናቸው። ኢንተርኔት ከሌለ የማይሠራ መሣሪያ ስንመርጥ ማንን ትተን እንደምንሄድ ይህ ቍጥር በግልጽ ያሳየናል።

በእነዚህ ጥያቄዎች ተመዝነው የሚያልፉ መሣሪያዎች አሉን ብትሉ፣ አዎን አሉ። ከእነዚህም ጥቂቶቹን እንጥቀስ። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና ሌሎች የዕውቀት ስብስቦችን አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ ከጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ከተማ ደርሶ የሚመለስ አንድ መምህር ቤተ መጻሕፍት በኪሱ ይዞ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ጂኦጂብራ የሚባለው ፕሮግራም የሒሳብ ግራፍንና ጂኦሜትሪን በዐይን ያሳያል፤ በስልክም ይሠራል። የአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማስመሰያዎች በነጻ ይገኛሉ፤ ተጭነውም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተማሪው ኀይሉን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ውጤቱን ያያል፣ ደግሞ ይሞክራል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም የታወቀው ፎልድስኮፕ ደግሞ ከወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ ነው። መብራት አይፈልግም፤ የተሠራበት ዕቃ ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ልጆቹም ራሳቸው አጣጥፈው ይገጣጥሙታል።

ስድሳና ሰባ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አንድ ስልክ ወይም አንድ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያይ ከተፈለገ ምንም አያደርግም። ክፍሉ በቡድን ተከፍሎ አንዱ ቡድን በማስመሰያው ሲሞክር፣ ሁለተኛው ሒሳቡን በደብተር ሲሠራ፣ ሦስተኛው ከመምህሩ ጋር ሲነጋገር ግን አንዱ ላፕቶፕ ለሁሉም ይዳረሳል። መሣሪያው በልጆቹ እጅ መግባቱም ሁልጊዜ የግድ አይደለም። በኬንያ የኪሱሙ አውራጃ በንባብ ትምህርት ላይ በተደረገ ጥናት ለተማሪዎች የንባብ መሣሪያ፣ ለመምህራን ታብሌት፣ መምህራንን እየጐበኙ ለሚመክሩት ባለሙያዎች ታብሌት በየተራ ተሰጥቶ ሲመዘን፣ የሦስቱ ውጤት እርስ በርሱ ይህን ያህል አልተራራቀም። ወጪው ግን ለጥቂቶቹ ባለሙያዎች ሲሰጥ እጅግ ያነሰ ነበር። ከዚህ የምንማረው መምህርን የሚያግዝ አንድ መሣሪያ ብዙ ተማሪዎችን ሊጠቅም እንደሚችል ነው።

በዘመናችን ሳንናገረው ልናልፍ የማንችለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ በየማደሪያችን የማይጠቀምበት ተማሪ ጥቂት ነው። ይህ መሣሪያ ተማሪውን ከመጠበቅ አልፎ ሥራውን ሊሠራለት ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በቱርክ አገር ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነገሩን በግልጽ አሳይቷል። መልሱን በቀጥታ የሚሰጠውን ፕሮግራም ይዘው የተለማመዱት በልምምዱ ጊዜ 48 ከመቶ የተሻለ ሠሩ፤ መሣሪያው ተወስዶ ለፈተና ሲቀመጡ ግን መሣሪያውን ካላዩት ተማሪዎች 17 ከመቶ አንሰው ተገኙ። መልሱን ሳይሰጥ ፍንጭ ብቻ እየሰጠ እንዲመራ ተደርጎ የተዘጋጀው ፕሮግራም ይህን ጉዳት በአመዛኙ አስቀርቷል። አንዱ መሣሪያ በአንድ አጠቃቀም ያስተምራል፤ በሌላ አጠቃቀም ያደድባል። ከዚህም ጋር እነዚህ ፕሮግራሞች የማያውቁትን እንደሚያውቁት አድርገው በልበ ሙሉነት ስለሚናገሩ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ስለሚደክሙ፣ የሰጡትን ቃል ሳይመረምሩ መቀበል ለመምህርም ለተማሪም የሚገባ አይደለም።

ከመካከላችሁ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «እናንተ በጥንቃቄ ስትመዝኑ የከተማው ባለጠጋ ልጅ በኮምፒዩተር እየተማረ ጥሎን ሄደ። የገጠሩ ልጅ በጠመኔ ይቅር ነው የምትሉት?» ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉም ልናልፈው አንፈልግም። የብሔራዊው ፈተና ከፊሉ በ2016 ዓ.ም. በኮምፒዩተር በተሰጠበት አገር ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ወደ ፈተናው የሚገባው እጁ ታስሮ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተርን አጠቃቀም ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ለገጠሩም ልጅ ሊደርሰው የሚገባ መብቱ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የምንከራከረው የገጠሩ ልጅ ከተነፈገው በኋላ ደግሞ የማይሠራ ዕቃ እንዳይታደለው ነው። ተቈልፎ የሚቀመጥ የኮምፒዩተር ክፍል ላለው ትምህርት ቤት «ኮምፒዩተር ደርሶታል» ተብሎ በሪፖርት ይጻፍለታል፤ ልጁ ግን አልደረሰውም። እንዲያውም ምንም ካልተሰጠው ይብስበታል፤ በመዝገብ ላይ ተሰጥቶታልና ሁለተኛ የሚያስብለት የለም። ድኻው ልጅ ከማንም ይልቅ በሚገባ የተመረጠ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ሌላ ዕድል የለውምና።

በመጨረሻም ማኅበራችን ሊሠራ የሚችለውን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ለማስተማር ልምምድ የምንሰማራ ሁላችን በምንደርስበት ትምህርት ቤት ያለውን መሣሪያ እንመዝግብ። ስንት ይሠራል፣ ስንት ተበላሽቷል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት በልጆች እጅ ይውላል፣ ቍልፉ በማን ዘንድ ነው የሚለውን ጽፈን እንመለስ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ይህ መዝገብ ለመምህራኖቻችንም፣ ትምህርት ለሚመሩትም ባለሥልጣኖች ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ቀጥሎም፣ ማንኛውም ትምህርት ቤት ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ከመግዛቱ በፊት በአንድ ክፍል ለአንድ ወር እንዲሞክረው እንምከር። በወሩ መጀመሪያ ልጆቹን በትንሽ ፈተና እንለካ፤ በወሩ መጨረሻ ደግመን እንለካ፤ መሣሪያው ያልገባበትንም ክፍል አብረን እንለካ። ይህ የሚጠይቀው ወረቀትና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሙከራውን የሚፈራ ሻጭ ቢኖር ፍርሃቱ ራሱ መልስ ይሆነናል።

ሦስተኛውም፣ ነጻ የሆኑትን ፕሮግራሞችና መጻሕፍት በአንድ ማከማቻ ላይ ሰብስበን፣ መመሪያቸውን በቋንቋዎቻችን ጽፈን ለሚሰማራው ተማሪ ሁሉ እናድል። ኢንጂነሪንግ የሚማሩት ጓደኞቻችን የተበላሸውን ይጠግኑ፤ ቋንቋ የሚማሩት ይተርጕሙ፤ ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩት ትክክለኛነቱን ይመርምሩ። ሁሉም የሚችለውን ካዋጣ ሥራው አይከብድም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ የመማሪያ ክፍል መሣሪያ መምረጥ ማለት የልጁን ጊዜ ለማን እንደምንሰጥ መምረጥ ማለት ነው። ብር ቢጠፋ ሌላ ብር ይገኝ ይሆናል፤ የዘጠነኛ ክፍል ዓመት ግን ካለፈ ለዚያ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ወደየትምህርት ቤቱ ስንሄድ አብረቅራቂውን ዕቃ ሲያሳዩን ከማድነቃችን በፊት በመጨረሻው ወንበር ወደ ተቀመጠችው ልጅ እንመልከት። ይህ መሣሪያ ይጠብቃታልን? ብለን እንጠይቅ። የማይጠብቃት ከሆነ «ይቅርብን» ለማለት ድፍረት ይኑረን፤ የሚጠብቃት ከሆነ ደግሞ ከየትም ብለን ለማስገኘት እንትጋ።